የ1ኬዜድ ቱርቦ ናፍጣ ሞተር በባሕር ዳር፦ ከራዲያተር ታፖ እስከ ቴስታታ

በባሕር ዳር ውኃ በ94 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይፈላል። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ከፍ ብላ ስለተቀመጠች ነው። ይህን ድንች ለሚቀቅል ሰው መንገር አያስፈልግም። ለባለ ፕራዶና ለባለ ሰርፍ ግን ደጋግሞ መንገር ያስፈልጋል፤ የመኪናቸው ሞተር ጤነኛ ሆኖ የሚሠራው ከዚያች 94 ዲግሪ ብዙም ባልራቀ ሙቀት ላይ ነውና። ውኃው እንዳይፈላ፣ ቴስታታውም (ከሲሊንደሮቹ በላይ የሚገጠመው የሞተሩ ራስ) እንዳይሰነጠቅ በመካከል ቆማ የምትጠብቀው ራዲያተሩ አናት ላይ ያለችው ክዳን፣ ታፖ ናት። ብዙ ሰው ጎማ ሲቀይር ሁለት ጊዜ ያስባል፤ ታፖዋን ግን መኪናውን ከገዛ ጀምሮ አይቷት አያውቅም።

ይህን የምጽፈው የቶዮታ 1ኬዜድ-ቲኢ ሞተር ላላቸው፣ ወይም ሊገዙ ለሚያስቡ ሰዎች ነው። እኔ መካኒክ አይደለሁም። በፈረንጆች 1998 የተሠራ ፕራዶ ይዤ እንግዳ ወደ ጎንደርና ወደ አዲስ አበባ ሳመላልስ ሁለት ቴስታታ የቀበርሁ ሰው ነኝ። በነዳጅ የሚሠራ የግል መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ከተከለከለበት ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ አሮጌውን አስታምሞ መኖር የብዙዎቻችን ዕጣ ሆኗል።

1. መጀመሪያ ሞተሩን ለዩ

ደላላው «ኬዜድ ነው» ስላለ ብቻ ኬዜድ አይሆንም። ኮፋኖውን ክፈቱና የሞተሩ ክፍል ግድግዳ ላይ የተመታችውን የብረት ሰሌዳ አንብቡ። ኬዜድጄ95 የሚል ከሆነ ፕራዶ፣ ኬዜድኤን185 የሚል ከሆነ ሃይሉክስ ሰርፍ ነው፤ ሁለቱም የያዙት 1ኬዜድ-ቲኢ ነው። ኬዲጄ95 ካለ ግን ከ2000 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተተካው 1ኬዲ ነው። እሱ ባለ 16 ቫልቭ ነው፤ የናፍጣ አረጫጨቱም ሌላ፣ በሽታውም ሌላ ስለሆነ ከዚህ በታች ያለው አብዛኛው ነገር አይመለከተውም። ሰሌዳውን በሊብሬው ላይ ካለው የሻንሲ ቁጥር ጋር ማስተያየትም አትርሱ፤ ሞተር የተቀየረለት መኪና ብዙ ነው።

የ1ኬዜድ-ቲኢ ልክ ይህ ነው፦ በአንድ መስመር የተደረደሩ 4 ሲሊንደሮች፣ 2,982 ሲሲ፣ የሲሊንደሩ ስፋት 96 ሚሊ ሜትር፣ የፒስተኑ ጉዞ 103 ሚሊ ሜትር፣ 8 ቫልቭ፣ ከላይ አንድ ካምሻፍት (ቫልቮቹን የሚከፍት ዘንግ)። የመጭመቅ ምጥጥኑ 21.2 ለ1 ነው። ጉልበቱ እንደ ተሠራበት ዓመትና ኢንተርኩለር (ቱርቦው የሚነፋውን አየር የሚያቀዘቅዝ ዕቃ) እንዳለውና እንደሌለው ከ125 እስከ 145 የፈረስ ጉልበት ይደርሳል፤ ይህም በደቂቃ 3,600 ዙር ላይ ነው። የመጎተት ኃይሉ ኢንተርኩለር በሌለው ወደ 290 ኒውተን ሜትር፣ ባለውና ዘግይቶ በመጣው 343 ሲሆን ሁለቱም በ2,000 ዙር አካባቢ ይገኛሉ። የእሳት ተራው 1-3-4-2 ነው። ዘይት ከነፊልትሮው 7 ሊትር ገደማ ይጠጣል። በስሙ ጫፍ ያለው «ቲ» ቱርቦ (አየር ገፍቶ ወደ ሞተሩ የሚያስገባው)፣ «ኢ» ደግሞ የናፍጣ ፖምፓው በኤሌክትሮኒክስ መታዘዙን ያመለክታል።

ከዚህ ሁሉ ቁጥር ይልቅ ልብ ልትሉት የሚገባው አንድ ነገር ነው። ብሎኩ (ሲሊንደሮቹ ያሉበት የሞተሩ አካል) ብረት፣ ቴስታታው አሉሚኒየም ነው። ናፍጣው በቀጥታ ፒስተኑ ላይ አይረጭም፤ ቴስታታው ውስጥ በተቀበረች ትንሽ ጓዳ ውስጥ ይቀጣጠልና ነበልባሉ ከዚያ ወደ ሲሊንደሩ ይወርዳል። ስለዚህ የእሳቱ ዋና ምድጃ ቴስታታው ራሱ ነው። አሉሚኒየም ሲሞቅ ከብረት ይልቅ ይለጠጣል፤ በሁለቱ ቫልቮች መካከል ያለችው ቀጭን ድልድይና የዚያች ጓዳ ዙሪያ መጀመሪያ የሚሰነጠቁትም ለዚህ ነው። ሞተሩ ሰነፍ ስለሆነ አይደለም፤ ከታችኛው ክፍሉ ጋር ምንም ጠብ የለኝም፣ በደንብ ከተያዘ ዕድሜው ረጅም ነው።

2. የጠዋቱ ምርመራ

ሲገዛም፣ ረጅም መንገድ ሲታሰብም የሚደረግ ነው። ሞተሩ ሌሊቱን ሙሉ ቆሞ መቀዝቀዝ አለበት። ሻጩ «አሞቅሁላችሁ» ብሎ ከጠበቃችሁ አመስግናችሁ ሂዱና በሌላ ቀን፣ ሳይነሳ ተመለሱ።

በመጀመሪያ ከራዲያተሩ አናት ወደ ሞተሩ የሚሄደውን ወፍራም የጎማ ቱቦ ጨበጥ አድርጉት። ሌሊቱን አድሮ ከሆነ እንደ ቀዝቃዛ ጎማ ልፍስፍስ ማለት አለበት። ተነፍቶ፣ ድርቅ ብሎ ካገኛችሁት ከሲሊንደር ያመለጠ ጋዝ ትናንት ገብቶ ውስጥ ታፍኖ አድሯል ማለት ነው። ቀጥሎ ታፖውን ክፈቱ። በቀዝቃዛ ሞተር ላይ ታፖ ሲከፈት «ፍስስ» ማለት የለበትም። ውኃው እስከ አንገቱ መድረሱን እዩ፤ ላዩ ላይ የዘይት ቅባት ተንሳፍፎ እንደሆነ ጣታችሁን ነክራችሁ አሽቱት። ከዚያ የዘይቱን መለኪያ ዘንግ አውጡ። ዘይቱ ጥቁር መሆኑ የናፍጣ ሞተር ወጉ ነው፤ ማኪያቶ መስሎ ከወጣ ግን ውኃ ገብቶበታል፣ ዋጋ መነጋገር አያስፈልግም።

ከዚህ በኋላ ቁልፉን አዙሩና የካንዴሌታው (ሞተሩ ከመነሳቱ በፊት የናፍጣውን ጓዳ የሚያሞቀው) መብራት እስኪጠፋ ጠብቃችሁ አስነሱት። ጤነኛ ኬዜድ በባሕር ዳር ጠዋት በመጀመሪያው ሙከራ ይነሳል። ለጥቂት ሰከንድ ነጭ ጭስ ካወጣ ችግር የለም። ነጩ ጭስ ከደቂቃዎች በኋላም ካልቆመና ጣፋጭ ሽታ ካለው፣ የሚቃጠለው ኩላንት (ከራዲያተሩ ውኃ ጋር የሚቀላቀለው ፈሳሽ) ነው።

3. የማቀዝቀዣውን ክፍል በሙሉ ፈትሹ

ዋናው ሥራ ይህ ስለሆነ እዚህ ላይ ጊዜ ውሰዱ።

ታፖው ተራ ክዳን አይደለም። በትልቁ ጥቅል ሽቦ ውኃውን አፍኖ በግፊት ያቆየዋል፤ መኻሉ ላይ ባለችው ትንሽ ቫልቭ ደግሞ ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ከትርፍ ውኃ መያዣው ውኃ መልሶ ይስባል። አናቱ ላይ 0.9 ወይም 1.1 የሚል ቁጥር ታገኛላችሁ። በባሕር ዳር አየር፣ 0.9 የሆነ ጤነኛ ታፖ ንጹሕ ውኃን እስከ 115 ዲግሪ ገደማ ሳይፈላ ያቆየዋል፤ ኩላንት ሲጨመርበት ከዚያም ያልፋል። ጎማው የተሰነጠቀ ወይም ሽቦው የላላ ታፖ ግን ወደዚያው ወደ 94 ዲግሪ ይመልሳችኋል። ሃያ አንድ ዲግሪ የሚያህል መጠባበቂያ በአንዲት ጎማ ቀለበት ምክንያት ይጠፋል። ስለዚህ ጎማውን በጥፍራችሁ ጫን በሉት፤ ከደረቀ፣ ከተሰነጠቀ ወይም የራዲያተሩን አንገት ቅርጽ ይዞ ከቀረ ጣሉት። መኻሏን ትንሽ ቫልቭ ወደ ላይ ሳብ አድርጋችሁ ልቀቁ፤ ተመልሳ ካልገጠመች ያው ነው። ስትገዙ ቁጥሩ ከፋብሪካው ጋር አንድ ይሁን። «ከፍ ያለው ይሻላል» ብላችሁ ያረጀ ራዲያተር ላይ ትልቅ ግፊት አትጫኑ፤ ይፈነዳል።

ስለ ውኃው። ጣና ዳር መኪና እያሳጠቡ በዚያው ጄሪካን ራዲያተር የሚሞሉ ሰዎችን በዓይኔ አይቻለሁ። የጣና ውኃ፣ በተለይ በክረምት ወንዞቹ አፈር ይዘው ሲገቡበት፣ ደለል የተሸከመ ነው፤ ደለሉም በራዲያተሩ ቀጫጭን ቱቦዎች ውስጥ ይጋገራል። (የመኪና ዘይትና ሳሙና ወደ ሐይቁ መፍሰሱ ደግሞ ራሱን የቻለ ኃጢአት ነው፤ እሱን ለሌላ ጊዜ ልተወው።) የሚያስፈልገው ኩላንትና የተጣራ ውኃ እኩል በእኩል ነው። የተጣራ ውኃ ስትገዙ «የባትሪ ውኃ» ብላችሁ ከጠየቃችሁ ሻጩ አሲድ እንዳያቀብላችሁ ጠርሙሱን አንብቡ። ቀይና አረንጓዴ ኩላንት አታደባልቁ፤ ውስጡ ያለውን ካላወቃችሁት ሙሉ በሙሉ አፍስሱት፣ ጥሩ ውኃ ጠርቶ እስኪወጣ አጥቡትና በአዲስ ሙሉት።

የራዲያተሩን ፊት በባትሪ መብራት እዩት። ማታ ማታ በሐይቁ ዳር መብራት የሚከብበው ትንኝ ሁሉ በመጨረሻ የሚሰበሰበው እዚያ ነው። ከፊት ንጹሕ መስሎ ይታያል፤ ቆሻሻው ያለው በኤርኮንዲሽነሩ ማቀዝቀዣና በራዲያተሩ መካከል ባለው ጠባብ ክፍተት ነው። እኔ መጀመሪያ ያስከፈትሁት ጊዜ ከዚያ የወጣው የትንኝ፣ የአቧራና የዘይት ልቁጥ እንደ ጀበና ማስቀመጫ ማቶት ጥቅልል ብሎ ነበር። በሞተሩ በኩል ሆናችሁ ወደ ውጭ፣ ኃይሉ ባልበዛ ውኃ እጠቡት። የእጥበት ቤቱ ኃይለኛ መርጫ ስስ ክንፎቹን አጣጥፎ ይዘጋቸዋል።

ቬንትሌተሩ በሲሊኮን ዘይት በሚሠራ ክላች የታሰረ ነው። ሞተሩ ጠፍቶና ቀዝቅዞ እያለ በእጅ ስታዞሩት ትንሽ እየተቃወመ መዞር አለበት። ሞተሩ በደንብ ሞቆ ከጠፋ በኋላ ስትሞክሩት ደግሞ ተቃውሞው በግልጽ መጨመር ይኖርበታል። በሞቀ ሞተር ላይ እንደ ልጆች መጫወቻ የሚሽከረከር ከሆነ ክላቹ ሞቷል። መኻሉ ላይ ዙሪያውን አቧራ የያዘ የቅባት መስመር ካያችሁም ዘይቱ እየፈሰሰ ነው። ሞተሩ እየሠራ እያለ እጅ አይገባም፤ ይህን መጻፍ የማያስፈልግ ይመስላል፣ ግን ጣት ያጣ ሰው አውቃለሁ።

ቴርሞስታት። እዚህ ላይ ቁጣዬን ታገሡኝ። አንድ ጋራዥ «ለእኛ አገር ሙቀት አያስፈልግም» ብሎ የእኔን አውጥቶ ጣለው። የዚህ ሞተር ቴርሞስታት ሁለት ሥራ አለው፤ ሲሞቅ ወደ ራዲያተሩ የሚሄደውን በር ይከፍታል፣ በዚያው ሰዓት ራዲያተሩን ሳይነካ የሚዞረውን አቋራጭ መንገድ ይዘጋል። ስታወጡት አቋራጩ ክፍት ይቀራልና ከፊሉ ትኩስ ውኃ ሳይቀዘቅዝ ተመልሶ ይገባል። ሜዳ ላይ ሞተሩ የቀዘቀዘ ይመስላችኋል፤ ዳገት ላይ ግን ይበልጥ ይሞቃል። ከመግጠማችሁ በፊት በድስት ውኃ ውስጥ አንጠልጥላችሁ አሙቁት፤ ላዩ ላይ በተጻፈው ዲግሪ አካባቢ መከፈት መጀመር አለበት። ውኃው ሲፈላ አፉን በሰፊው ካልከፈተ አትግጠሙት።

የሙቀት መለኪያውን አትመኑ። የነዚህ መኪኖች ቀስት ሹፌር እንዳይረበሽ ተብሎ የተሠራ ነው፤ ውኃው ሰባዎቹ ውስጥ ሲሆንም፣ መቶን ሲያልፍም መኻል ላይ ቁጭ ይላል። ከተነቃነቀ ጊዜው አልፏል። ቁጥር የሚያሳይ ሌላ መለኪያ አስገጥሙ፤ ሴንሰሩንም በላይኛው ጎማ መስመር ላይ፣ ከሞተሩ በሚወጣበት ቦታ አስቀምጡት። ውኃ ሲጎድል የሚጮህ መሣሪያ ካገኛችሁ ደግሞ እሱ ይበልጣል፤ ውኃው ካለቀ ሙቀት የሚለካው ሴንሰር አየር ላይ ተንጠልጥሎ ስለሚቀር ይዋሻል።

በመጨረሻ ስትሞሉት አየር እንዳይቀር ተጠንቀቁ። ፕራዶ የኋላ ማሞቂያም ስላለው ረጅም ቱቦ አለው፤ አየር የሚሸሸገው እዚያ ነው። እኔ የቤዛዊትን ዳገት እጠቀማለሁ፦ ከመንገድ ወጣ ብሎ አፍንጫውን ወደ ላይ አቁሞ፣ ሁለቱንም ማሞቂያዎች እስከ መጨረሻው ሙቀት ከፍቶ፣ ታፖው ሳይዘጋ ሞተሩን ማሠራት። አረፋው እየወጣ ውኃው ይጎድላል፤ እየጨመራችሁ ሂዱ። አረፋው ቆሞ፣ ማሞቂያው ትኩስ አየር መንፋት ሲጀምር ታፖውን ዝጉ።

4. የጠርሙሱ ፈተና

ውኃ ይጎድላል፤ የሚፈስበት ቦታ ግን አይታይም። ቴስታታው ወይስ ሌላ? ጋራዥ ከመሄዳችሁ በፊት ይህን አድርጉ።

ከራዲያተሩ አንገት ወደ ትርፍ ውኃ መያዣው የሚሄደውን ቀጭን ቱቦ ከመያዣው በኩል ንቀሉና ጫፉን ግማሽ ድረስ ውኃ ባለው የፕላስቲክ ጠርሙስ ውስጥ አስምጡት። ራዲያተሩ ሙሉ፣ ታፖው የተዘጋ ይሁን። ሞተሩን አስነሱና እስኪሞቅ ጠብቁ። መጀመሪያ ላይ ውኃው ሲለጠጥ ጥቂት አረፋ ይወጣል፤ ያ ተፈጥሯዊ ነው። ከሞቀ በኋላ አንድ ሰው 2,500 ዙር ላይ እግሩን ያቁም፤ እናንተ ጠርሙሱን እዩ። አረፋው ከቆመ ተመስገን። አረፋ ሳያቋርጥ፣ እንደ ክር እየተከታተለ «ቡልቅ ቡልቅ» ካለና እግር ሲጨመር ከበዛ፣ የቃጠሎ ጋዝ ወደ ውኃው እየገባ ነው። የተቃጠለው ጓርኒሲዮን (በቴስታታውና በብሎኩ መካከል የሚገባው ስስ ማሸጊያ) ሊሆን ይችላል፣ የተሰነጠቀው ቴስታታ ሊሆን ይችላል፤ በዚህ ሞተር ላይ ብትወራረዱ ግን በቴስታታው ተወራረዱ።

አንድ ማሳሰቢያ፦ ስንጥቁ ብዙ ጊዜ የሚከፈተው ሲሞቅና ሲጫን ብቻ ነው። ቤት ውስጥ ቆሞ ያለፈ ሞተር ዳገት ላይ ሊወድቅ ይችላል። ስለዚህ ፈተናው ጥሩ ቢያሳይም ውኃው መጉደሉን ካላቆመ ፈተናውን ሳይሆን ውኃውን እመኑ።

5. ናፍጣው

ነዳጅ ሲጠፋ በጄሪካን የሚገዛ ናፍጣ ከየት እንደመጣ አይታወቅም። የዚህ ሞተር ፖምፓ ሌላ ማለስለሻ የለውም፤ የሚለሰልሰው በናፍጣው በራሱ ነው። ውኃ ወይም ነጭ ጋዝ የተቀላቀለበት ናፍጣ ፖምፓውን በቁሙ ይገዘግዘዋል፤ ፖምፓው ደግሞ ከሞተሩ ዕቃዎች ሁሉ ኪስ የሚያራቁተው ነው።

ከጄሪካን ከገዛችሁ ከላይ ትንሽ ሳይሆን ከታች ትንሽ በንጹሕ ብርጭቆ ቅዱና አሳድሩት። ጠዋት ከሥር የተለየ መስመር ከታየ ውኃ ነው። የፊልትሮው ማስጠንቀቂያ መብራት ከበራ ወይም ባይበራም በየወሩ፣ ፊልትሮው ሥር ያለችውን ማፍሰሻ በእጅ አላልታችሁ፣ አናቱ ላይ ያለውን የእጅ ፖምፓ እየተጫናችሁ ንጹሕ ናፍጣ እስኪመጣ አፍስሱ። ፊልትሮውን እኔ በየ10,000 ኪሎ ሜትር እቀይራለሁ። ጠዋት ተነስቶ ወዲያው የሚጠፋ ሞተር ብዙ ጊዜ አየር እየሳበ ነው፦ የእጅ ፖምፓውን ተጫኑ፤ ልል ብሎ ቆይቶ ከጠጠረ አየር ነበረበት። የተሰነጠቀ የጎማ ቱቦ፣ የላላ ፋሼታ (የቱቦ ማሰሪያ)፣ ወይም ራሱ የእጅ ፖምፓው ጥፋተኛ ነው። ሳይጠፋ የሚንገጫገጭና ነጭ የሚያጨስ ከሆነ ግን ካንዴሌታዎቹን አንድ በአንድ አስለኩ፤ ስትቀይሩም ቮልታቸው ላያቸው ላይ ከተጻፈው ጋር አንድ ይሁን።

6. ቱርቦ፣ ዘይትና የጭስ ቀለም

ዘይት በየ5,000 ኪሎ ሜትር። 15ደብልዩ-40 የሆነ፣ ደረጃው ሲኤፍ-4 ወይም ከዚያ በላይ የሆነ የናፍጣ ሞተር ዘይት ለባሕር ዳር አየር ይበቃል። ቱርቦው የሚንሳፈፈው በዚህ ዘይት ላይ ነው። ዳገት ወጥታችሁ ወይም በፍጥነት ነድታችሁ ስትቆሙ ወዲያው አታጥፉ፤ አንድ ሁለት ደቂቃ በባዶ ይሥራ። አለበለዚያ የቆመው ዘይት ቱርቦው ውስጥ ተቃጥሎ ከሰል ይሆናል።

ቱርቦውን ለማየት ሞተሩ ጠፍቶ ቀዝቅዞ ሳለ አየር የሚገባበትን ጎማ ንቀሉና ዘንጉን በሁለት ጣት ያዙ። ወደ ጎን በጣም ትንሽ መነቃነቅ ያለ ነው። ወደ ፊትና ወደ ኋላ የሚንሸራተት ከሆነ፣ ወይም ክንፎቹ ግድግዳውን የላጡበት ምልክት ካለ አልቆለታል። ጎማው ውስጥ ስስ የዘይት ወዝ ማየት ግን አያስደንግጣችሁ፤ ከሞተሩ መተንፈሻ የሚመጣ ነው።

ጥቁር ጭስ የአየር ማነስ ነው። ወደ ጢስ ዓባይ ወይም ወደ ዘጌ በአቧራ የሚመላለስ መኪና መጀመሪያ የአየር ፊልትሮውን ያራግፍ። ቀጥሎ ከቱርቦው ወደ ሞተሩ የሚሄዱትን ጎማዎች ይይ፤ ከሥር በኩል የተሰነጠቀ ጎማ እግር ሲሰጥ ያፏጫል። ከዚያ ናፍጣውን ወደሚረጩት ኢንጀክተሮች ነው። ወደ ደባርቅና ወደ ሰሜን ተራሮች ስትወጡ ከ2,000 ዙር በታች ሲነሳ ጥቂት ማጨሱ የከፍታው ነው፤ ቱርቦው ገና አልነፋም። ሰማያዊ ጭስ ዘይት ነው፦ ጠዋት ብቻ ከሆነ የቫልቭ ጎማዎች፣ እግር ሲሰጥ ከሆነ ቱርቦ ወይም የፒስተን ቀለበት (ፋሻ)።

7. ቺንጋ

ካምሻፍቱን የሚያዞረው ቺንጋ በ100,000 ኪሎ ሜትር ይቀየራል፤ ከጃፓን በቀጥታ በመጡት ላይ ለዚሁ የሚበራ መብራት አለ። ከተበጠሰ ቫልቮቹ ከፒስተኑ ጋር ይጋጫሉ። የተቀየረበትን ቀን የሚያሳይ ወረቀት ከሌለ እንዳልተቀየረ ቁጠሩት፤ ከነመወጠሪያው ቀይሩ። መብራቱ አለመብራቱ ማስረጃ አይደለም፤ አምፖሉን ማውጣት የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው።

8. የሞተር መብራት ሲበራ

ኮምፒውተር ፍለጋ ከመሮጣችሁ በፊት፣ ኮፋኖ ሥር ያለችውን የምርመራ ሣጥን ክፈቱ። ክዳኑ ውስጥ በኩል የቀዳዳዎቹ ስም ተጽፏል። ቲኢ1 እና ኢ1 የሚባሉትን በቁራጭ ሽቦ አገናኙና ሞተሩን ሳታስነሱ ቁልፉን ክፈቱ። መብራቱ ብልጭ ድርግም እያለ ቁጥር ይነግራችኋል፦ ሁለት ጊዜ በርቶ፣ ቆም ብሎ፣ ሁለት ጊዜ ከበራ 22 ማለት ነው፤ የውኃ ሙቀት ሴንሰር ችግር። ሳያቋርጥ በእኩል ፍጥነት ብልጭ ድርግም ካለ የተመዘገበ ብልሽት የለም። ቀዳዳ ተሳስታችሁ እንዳታገናኙ ስሙን ሁለት ጊዜ አንብቡ።

9. ዓባይ በረሃ

ከደጀን ወርዶ፣ ድልድዩን ተሻግሮ ወደ ጎሐ ጽዮን የሚወጣው መንገድ የዚህ ሞተር መፈተኛ ነው። ቁልቁለቱን በማርሽ ውረዱ። አቀበቱን ስትጀምሩ ኤርኮንዲሽነር ይጥፋ፤ አውቶማቲክ ከሆነ የላይኛውን ማርሽ መዝጊያ ተጫኑ። በትልቅ ማርሽ 1,600 ዙር ላይ እያማጠ እንዲወጣ አትፍቀዱለት፤ ማርሽ ቀንሳችሁ ከ2,300 እስከ 2,800 ያዙት፤ ያኔ የውኃ ፖምፓውም ቬንትሌተሩም በፍጥነት ይዞራሉ። የጭነት መኪና ተከትላችሁ ትኩስ አየሩን አትሳቡ፤ ራቅ በሉ።

ሙቀቱ መውጣት ከጀመረ እግር ቀንሱ፣ ማሞቂያውን እስከ መጨረሻው ክፈቱ፤ ተሳፋሪው ይላብ። ካልወረደ ቦታ ፈልጋችሁ ቁሙ። ውኃው ካልፈሰሰ ሞተሩን ወዲያው አታጥፉ፤ ኮፋኖውን ከፍታችሁ በ1,200 ዙር ገደማ ይሥራ፣ ውኃው እየዞረ ይቀዝቅዝ። እንፋሎት ከወጣ ወይም ውኃ መሬት ላይ ከታየ ግን በዚያው ቅጽበት አጥፉ። ታፖውን ቢያንስ ለአንድ ሰዓት አትንኩ። በጋለ ቴስታታ ላይ ቀዝቃዛ ውኃ መድፋት በጋለ ምጣድ ላይ ከመድፋት አይለይም።

የእኔ የመጀመሪያው ቴስታታ የሄደው እዚሁ ነው። ቀስቱ መኻል ላይ እንደቆመ ማሞቂያው በድንገት ቀዝቃዛ አየር መንፋት ጀመረ። ውኃው እንዳለቀ የሚናገረው ይህ መሆኑን ያኔ አላወቅሁም ነበር፤ እንዲያውም ቀዘቀዘልኝ ብዬ ደስ አለኝ። ሁለት ኪሎ ሜትር ጨምሬ ነዳሁ።

10. ቴስታታው ከተሰነጠቀ

አታስበይዱት። እኔ አስበይጄ አራት ወር ሠራ። በሠፈራችን ያሉ አንድ አንጋፋ መካኒክ ሲያዩት፣ «ጋሼ፣ ስንት ዓመት ይቆይልኛል?» አልኋቸው። «ልጄ፣ ከዓባይ ወዲህ ከሆነ የምትነዳው ዕድሜ ልክህን» አሉኝ። አዲስ ቴስታታ ግዙ፤ ከተነቀለ መኪና የወጣ «ንጹሕ» ቴስታታ ምን እንዳሳለፈ የሚያውቅ የለም።

ሲገጠም ቆማችሁ ልታዩ የሚገባችሁ ነገሮች አሉ። የብሎኩ ፊት ቀጥ ባለ ማስመሪያና በስስ መለኪያ ይፈተሽ። ጓርኒሲዮኑ በሦስት ውፍረት ይመጣል፤ የትኛው እንደሚገባ የሚወሰነው ፒስተኖቹ ከብሎኩ ፊት በላይ ምን ያህል ብቅ እንደሚሉ ተለክቶ ነው። ሳይለካ «ይኼው ይሆናል» የሚል መካኒክ ካጋጠማችሁ ሥራውን አስቁሙ። ብሎኖቹ በቶርክ መፍቻ፣ ከመኻል ወደ ዳር፣ በየደረጃው ይጥበቁ፤ በክንድ ግምት አይሆንም። ቴስታታውን ያሰነጠቀው ምክንያት ሳይገኝ መግጠም ገንዘብ መድፋት ነውና ራዲያተሩ ተፈቶ ይጠረግ፣ የቬንትሌተሩ ክላች፣ የውኃ ፖምፓውና ቴርሞስታቱ በዚያው ይታዩ፣ ያረጁ ጎማዎች ሁሉ ይቀየሩ።

ሁሉም አልቆ፣ ውኃ ተሞልቶ፣ መካኒኩ እጁን በጨርቅ እየጠረገ አሮጌውን ታፖ ከመሣሪያ ሣጥኑ ላይ ሲያነሳ ካያችሁት እጁን ያዙት። አዲሱ በኪሳችሁ ይሁን።